የእናቴ ብስክሌት እና ሁለቱ ደሴቶች

አባቴ ሲያርፍ ለእኔ የደረሰኝ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ ዝጓል፤ ያለ ማንኪያ አይከፈትም። ውስጡ 61 ፎቶዎች አሉ። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ዳር ዳራቸው በነጭ ጠርዝ ተከቧል። አብዛኞቹ ከጀርባቸው በእርሳስ ተጽፎባቸዋል። «ጥቅምት 64»። «ሰኔ 66»። «የዓባይ ድልድይ፣ እሑድ»። ጥቂቶቹ ላይ ምንም የለም።

አባዬ ፎቶ አንሺ አልነበረም። ዓባይ ዳር ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ካሜራውን የገዛው ፖሊ ያስተምር ከነበረ ሩሲያዊ ነው። ፖሊ ቴክኒክ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየቶች እርዳታ የተቋቋመ ነውና በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ ሩሲያዊ መምህር ማየት ብርቅ አልነበረም። ሰውዬው ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ዜኒት ካሜራውን ለአባዬ ሸጠለት። ከባድ ካሜራ ነው። አንገት ላይ ሲያንጠለጥሉት ያስጎነብሳል። ዛሬም ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ማንሳት ካቆመ ግን ቆይቷል።

እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ እሑድ እሑድ አምስት ስድስት ፎቶ ደብተር መሐል አድርጌ እወጣለሁ። አባዬ የቆመበትን ቦታ እፈልግና እዚያው ቆሜ በስልኬ አነሳለሁ። የወንድሜ ልጅ አብሮኝ ይሄዳል። 15 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ የመጣው እኔን ለማገዝ ነበር። አሁን እኔ ሲደክመኝ «አክስቴ፣ አንድ ብቻ እንጨምር» የሚለኝ እሱ ነው።

«ድሮና ዘንድሮ» እየተባለ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ሲለጠፍ ሁላችንም አይተናል። እኔም እወዳቸዋለሁ። ብዙዎቹ ግን ያበሳጩኛል። አንዱ ፎቶ ከፎቅ ላይ ተነስቷል፤ ሌላው ከመኪና መስኮት። አንዱ በክረምት፣ ሌላው በበጋ። ከሥሩ ግማሹ ሰው «እንዴት አምሮባታል!» ይላል፤ ግማሹ «ወይኔ ከተማዬ፣ አበላሿት!» ይላል። ሁለቱም ሳያውቁት የሚከራከሩት ፎቶ አንሺዎቹ በቆሙበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ቦታ ላይ ካልቆሙ ማወዳደር የለም። እኔ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም።

ቦታው እንዴት ይገኛል? ፎቶው ውስጥ አንድ ቅርብ ያለ ነገርና አንድ ሩቅ ያለ ነገር ፈልጉ። የቤት ጥግና ከኋላው ያለ የዛፍ ግንድ ሊሆን ይችላል። ፎቶው ላይ ሁለቱ ከተነካኩ እናንተም ስትቆሙ መነካካት አለባቸው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስትሉ ይለያያሉ። እንዲህ ያለ ጥንድ በሌላ አቅጣጫም ካገኛችሁ በቃ፣ የአባዬ ጫማ የረገጠው መሬት ላይ ናችሁ።

የሌንሱም ነገር አለ። የዜኒቱ ሌንስ 58 ሚሊ ሜትር ነው። የስልክ ካሜራ ደግሞ በጣም ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ሩቁን ያሳንሳል። ስለዚህ ሁለት እጥፍ አቅርቤ ነው የማነሳው። ይህን ከማወቄ በፊት ያነሳኋቸው 9 ፎቶዎች ላይ ጣና ከአባዬ ዘመን ይልቅ ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል። ጣና አልሸሸም። ያሸሸው ስልኬ ነው። ዘጠኙንም ደግሜ አነሳኋቸው።

ከቆርቆሮው ውስጥ በብዛት ያለው ከጊዮርጊስ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ጎዳና ነው። አባዬ ይህን መንገድ ሲወደው ለጉድ ነበር። የ«ጥቅምት 64»ቱ ፎቶ ላይ መንገዱ እንደ ሜዳ ሰፊ ነው። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ የሚታዩት ሁለት ብስክሌተኞች፣ ሣር የተጫነ አንድ አህያና የአህያው ባለቤት ብቻ ናቸው።

ይህን ያህል ስፋት ለምን አስፈለገ? ባሕር ዳር ለረጅም ዘመን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች መንደር ነበረች። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ የጦር ሰፈር አደረጋት። በ1950ዎቹ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣ። ጨርቃ ጨርቁ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠራ። ፖሊ ተከፈተ። ከጢስ ዓባይ መብራት መጣ። ንጉሡ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ዋና ከተማውን ወደዚህ የማዛወር ሐሳብም ነበር። ለከተማዋ ፕላን ያወጡት ከጀርመን የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ እየወሰድን የምናሳያቸው ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች የተወጠኑት ያኔ ነው።

አባዬ «ይሄ መንገድ የተሰፋው ለልጅ ልጅ ነው» ይል ነበር። የፋብሪካ ሰው ስለሆነ ነገሩን ሁሉ በጨርቅ ነው የሚያስበው። እናት ለልጇ ልብስ ስታሰፋ «ያድጋል» ብላ እጅጌውን አስረዝማ ነው የምታሰፋው። የ64ቱ ፎቶ ላይ ከተማዋ እጅጌው ጣቷን የዋጠባት ሕፃን ትመስላለች። ዛሬ እዚያው ነጥብ ላይ ስቆም እጅጌው ልኳ ከሆነም አልፏል። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ብስክሌቱ፣ እግረኛው፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ነው። ስልኩን አስተካክዬ እስካነሳ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ተነፋብኝ።

ዘንባባዎቹ ግን አስገረሙኝ። ፎቶው ላይ የሰው ወገብ አይደርሱም። ከብት እንዳይበላቸው በእንጨት ታጥረዋል። ዛሬ ጫፋቸውን ለማስገባት ስልኩን አቁሜ መያዝ ነበረብኝ። አባዬ ፎቶ ላይ በአንድ ረድፍ ስምንት ቆጠርኩ። ዛሬ ከዚያው ነጥብ ስድስት ናቸው። ሦስተኛዋና ሰባተኛዋ የሉም። በሦስተኛዋ ቦታ አንድ ሊስትሮ ትልቅ ጃንጥላ ተክሎ ተቀምጧል። ለምን እዚህ ጋ ጃንጥላ እንደዘረጋ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ ሌላው ቦታ ጥላ አለው። እዚህ ጋ ብቻ ነው የሌለው» አለኝ። ፎቶውን አሳየሁት። የዘንባባዋን ችግኝ በጣቱ ነክቶ ዝም አለ። ከዚያ ጃንጥላው የተተከለበትን መሬት ቁልቁል አየ።

በዚህ ጎዳና ላይ ብቻ 11 ጥንድ አለኝ። ሁሉንም ባሳያችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ወደ ሐይቁ ልሂድ።

«ሰኔ 66» የሚለው ፎቶ ላይ ጣና ዳር ሰፊ ደረቅ መሬት ይታያል። ከብቶች ይግጣሉ። ውሃው ራቅ ብሎ ነው። ይህን ፎቶ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባሳያት «ታዲያ ድሮም እንዲህ ቀንሶ ነበር?» አለችኝ። ወሩን እዪው አልኳት። ጣና በዓመቱ ዝቅ የሚለው ሰኔ ላይ ነው፤ ክረምቱ ገና ሲጀምር። የሚሞላው ደግሞ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ነው። በሁለቱ መሐል ከአንድ ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ዳርቻው ለጥ ያለ በሆነበት ቦታ አንድ ሜትር ከፍታ ማለት የኳስ ሜዳ የሚያህል መሬት ነው። የሰኔን ፎቶ ከጥቅምት ፎቶ ጋር ያስተያየ ሰው ሐይቁ ሞላ ወይም ጎደለ ብሎ ቢናገር ስለ ወሩ እንጂ ስለ ዘመኑ አልተናገረም።

በዚያ ላይ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት በር ላይ የጨረጨራ ግድብ አለ። ውሃው እንዲሁ እንደ ልቡ አይወጣም፤ በሰው እጅ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ያኔ ዳር ዳሩ ላይ ጭቃው ሲሰነጣጠቅ እኔም አይቻለሁ። ስለዚህ የአባዬን የሰኔ ፎቶ የማነሳው በሰኔ ነው። እስኪደርስ እየጠበቅሁ ነው።

«የዓባይ ድልድይ፣ እሑድ» የሚለው ላይ ሦስት የፋብሪካ ጓደኞቹ የድልድዩን ጠርዝ ተደግፈው ይስቃሉ። ከእነሱ ራቅ ብሎ አራተኛ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማን እንደሆነ እናቴን ጠየቅኋት። የድልድዩ ጥበቃ ነው። «ፎቶ ክልክል ነው» ሲላቸው አባዬ «እንግዲያው አንተም ግባና እናንሳህ» ብሎ አብሮ አነሳው። ዛሬ አዲሱ ድልድይ አለ፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው። 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። እዚያ ስንደርስ እኛንም ከለከሉን። እኔ እንደ አባዬ አንደበት የለኝም፤ ተመለስን።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፎቶም አለ። ጭሱ የአባዬን ጓደኛ ሸሚዝ አበስብሶታል። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በበጋ ተማሪዎች ይዤ ሄጄ ነበር። ጥቁሩ ገደል ደርቆ፣ በአንድ ጥግ ብቻ ውሃ ሲወርድ አየን። ሁለቱን ፎቶዎች ግን ጥንድ አላደረግኋቸውም። የአባዬ የጥቅምት ነው፤ የእኔ የመጋቢት።

አሁን ወደ ብስክሌቷ ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሷ ብዬ ነው።

ፎቶዋ እንዲህ ናት። እናቴ ጣና ዳር ቆማለች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። በሁለት እጇ ብስክሌት ይዛለች። ከኋላዋ ውሃው ነው። ከውሃው ላይ ክብራንና እንጦስ ይታያሉ፤ አንዷ ከፍ፣ ሌላዋ ዝቅ ብላ። የእናቴ ራስ ልክ በሁለቱ ደሴቶች መሐል ባለው ክፍት ላይ ነው። ከእነሱ ኋላ ዘጌ እንደ ደመና ተጋድሟል። ከጀርባው ምንም አልተጻፈበትም።

እናቴ 73 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት እምብዛም አትወጣም። የት እንደሆነ ስጠይቃት «ጣና ዳር ነዋ!» አለችኝ።

«የት ጋ?»

«የዘጌ ሰዎች እንጨት የሚያራግፉበት።»

ዘጌዎች በታንኳ እንጨት ጭነው እየመጡ ነው የከተማው ምድጃ ሲነድ የኖረው። ማራገፊያቸው ግን እንደ ውሃው ከፍታና እንደ ዘመኑ ቦታ ሲቀያይር ኖሯል።

«መቼ ነው ታዲያ?»

«አባትሽን ሳላገባው።»

ከዚያ በላይ አላወጣሁም። የዚያ ፎቶ ነገር ሲነሳ ትስቅና ወሬ ትቀይራለች።

ወሩን ከጥላዋ አገኘሁት። ጥላዋ እግሯ ሥር ተሰብስቧል፤ የብስክሌቷም እንደዚያው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ፀሐይ ልክ በአናታችን የምታልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ 12 ገደማ እና ነሐሴ 17 ገደማ። በእነዚያ ሰሞን ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ውጡና ጥላችሁን ፈልጉ፤ እግራችሁ ሥር ነው የምታገኙት። ነሐሴ ደግሞ ክረምት ነው፤ ዳርቻው ጭቃና ሣር ይሆናል። ፎቶው ላይ መሬቱ ደረቅ ነው። የጎማው ዱካ እንኳ አቧራው ላይ ይታያል። እንግዲህ ሚያዝያ ነው አልኩ።

ቦታውን ግን አጣሁት። ሦስት እሑድ ፈለግን። ከወደቡ ጀምረን ዳር ዳሩን ሄድን። አጥር ሲዘጋን ዞረን በሌላ በኩል ወጣን፤ እንደገና አጥር። የሐይቁ ዳር በብዙ ቦታ ግቢ ውስጥ ገብቷል። ይህ ነገር ውስጤን ይቆረቁረዋል። ከአባዬ 61 ፎቶዎች 22ቱ ላይ ውሃው ይታያል። የቆመባቸውን ነጥቦች እስካሁን 14 አግኝቻለሁ። ዛሬ ከእነሱ ላይ ቆሞ ጣናን ማየት የሚቻለው ከ5ቱ ብቻ ነው። ሆቴል አይሠራ አልልም። እንግዳ እንፈልጋለን፤ ልጆቻችንም እዚያው ተቀጥረው ይኖራሉ። ግን ከሥራ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ጣናን እያየ ቢሄድ ምን ነበረበት? አባዬ እኮ ሆን ብሎ ውሃውን ሊያነሳ አልወጣም። የትም ቢዞር ፎቶው ውስጥ ይገባበት ነበር።

ያስቸገሩን ደሴቶቹ ነበሩ። ፎቶው ላይ ከፍ ያለችው በአንድ በኩል ናት። እኛ የትም ብንቆም በሌላው በኩል ናት። ወደ ፊት ብንሄድ፣ ወደ ኋላ ብንመለስ፣ ይቀራረባሉ ይራራቃሉ እንጂ ቦታ አይለዋወጡም። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ባሕር ዳር አይደለም» አለኝ ልጁ። እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ከደሴቶቹ ማዶ ሆኖ የተነሳ ይሆን? ግን ብስክሌት በታንኳ ጭኖ ማን ይሄዳል?

በሦስተኛው እሑድ የልጁ ብስክሌት ጎማ ፈነዳበት። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ጠጋኝ አይጠፋም። አንድ ሽማግሌ ከዋርካ ሥር ዕቃቸውን ዘርግተው ይሠራሉ። እሳቸው ሲጠግኑ እኔ ፎቶውን ጭኔ ላይ አድርጌ አያለሁ። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይቺ ልጅ ብስክሌቱን ከየት አገኘችው?» አሉኝ።

«እናቴ ናት፣ ጋሼ። ምነው?»

«ካቴናው በግራ ነው።»

አልገባኝም። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና የልጁን ብስክሌት ፊቴ አቆሙት።

«ካቴናው ወደ አንቺ ሲሆን የፊት ጎማው ወዴት ነው?»

ወደ ቀኜ ነበር።

«የትም አገር ይሠራ እንዲህ ነው። ያንቺ ፎቶ ላይ ካቴናው ወደ አንቺ ነው፤ የፊት ጎማው ግን ወደ ግራሽ ነው። ስንት ዘመን ስጠግን እንዲህ ያለ ብስክሌት አላየሁም፣ ልጄ።»

ልጁ ከእኔ ቀድሞ ገባው። ፎቶውን በስልኩ አነሳና በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ገለበጠው። ካቴናው በቀኝ ሆነ። ደሴቶቹ ቦታቸውን ያዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶው ሲታተም ነጋቲቩ በግልባጩ ገብቷል። የፊልሙ አንድ ፊት ያብረቀርቃል፤ ሌላው ደብዘዝ ያለ ነው። በዚያ ደብዛዛ ቀይ መብራት ውስጥ ለሚሠራ ሰው መሳሳት ቀላል ነው። ማንም ላይ አልፈርድም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። እናቴ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት፤ በግራ በኩል። ፎቶው ላይ በቀኝ ነው። ይህን ፎቶ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የእናቴንም ፊት በየቀኑ አያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልኩም።

የተገለበጠውን ይዘን ስንመለስ ቦታውን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ደሴቶቹ ከዘጌ ጋር የሚነካኩበትን እያየን ተራመድን፤ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ። ያረፍነው አንድ ግቢ አጥር ሥር ነው። አባዬ የቆመበት ነጥብ ከአጥሩ ወዲያ፣ የግቢው አትክልት ቦታ ውስጥ ነው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «በሚያዝያ ነው የተነሳሽው አይደል?» ስላት ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ጥላሽ።»

«ጊዮርጊስ ነው» አለች። «ሚያዝያ 23፣ የንግሥ ቀን። ታቦቱ ከገባ በኋላ ነው።» ከዚያ በዚያ ሁሉ ዘመን ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ብስክሌቷ የኪራይ ናት፤ በሰዓት የምትከፈል። እናቴ መንዳት አትችልም ነበር። አባዬ ግን ይዛ እንድትቆም ለመናት። ፎቶውን ገጠር ላለችው እናቱ ሊልክላት ነው፤ «ብስክሌት የምትነዳ ልጅ አገኘሁ» ብሎ። «ዋሸሽን አትበሉኝ። ሰው በበዓል ቀን ለብሶ ይታያል። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንጨምራለን» አለች። ፎቶው ሁለት ነው የታተመው። አንዱ ለአያቴ ሄደ፤ አንዱ ቆርቆሮው ውስጥ ቀረ። አያቴ ስታየው «ልጅቷስ ደህና ናት፤ ብስክሌቱ ግን ይቅርባት» አለች አሉ።

ዘንድሮ ሚያዝያ 23 እናቴን በባጃጅ ጊዮርጊስ አደረስናት። አስቀደሰች፤ ታቦቱን ሸኘች። ከዚያ ቀስ እያልን ወደ ሐይቁ ወረድን። ልጁ ብስክሌቱን እየገፋ ይከተለናል። የግቢው ጥበቃ ወጣት ነው።

«እማማ፣ ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አላት።

«ማንንም አይደለም፣ ልጄ። የቆምኩበትን ላይ ነው የመጣሁት።»

ፎቶውን አሳየችው። ፎቶውን አየ፤ እሷን አየ፤ በሩን ከፈተልን። ወንበርም አመጣላት። አልተቀመጠችም።

ልጁ አባዬ በቆመበት ነጥብ ላይ ስልኩን ይዞ ቆመ። ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። እኔ እናቴን በክንዷ ደግፌ ከውሃው ዳር አቆምኳት። በዓይኔ መጥኜ «እዚህ ጋ ነው» አልኳት። ክብራንን አየች። እንጦስን አየች። «ክብራን ሴት አይገባባትም፤ እንጦስ ግን ከእናቴ ጋር ሄጃለሁ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ «እዚህ ጋ አይደለም» አለችና ክንዷን ከእጄ አውጥታ አንድ እርምጃ ተኩል ወደ ጎን ሄደች።

«አክስቴ!» ብሎ ጮኸ ልጁ። «ነይ እዪ!»

ሮጬ ሄጄ ስልኩን አየሁ። የእናቴ ራስ በሁለቱ ደሴቶች መሐል ገብቷል።

«አንሱ እንጂ፣ ፀሐዩ በረታ» አለች። ወዲያው ደግሞ እጇን ዘረጋች። «ቆዩ፤ ብስክሌቱን ስጡኝ።»

ልጁ ሮጦ አቀበላትና ተመለሰ። በሁለት እጇ ያዘችው። የፊት ጎማው ወደ ቀኝ ነበር።